ስሌይሜከር የሚባል ስም ያመጣብኝ ጣጣ

እኔ ከአንድ ስም ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ። ከባለ ስሙ ጋር አይደለም፤ ባለ ስሙ ጨዋ ልጅ ነው። ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፤ ቃሪያ ሲያቃጥለው እንባውን እየጠረገ «በጣም ይጣፍጣል» ይላል። የተጣላሁት ከስሙ ጋር ብቻ ነው። ከእሁድ እስከ ሐሙስ፣ አምስት ቀን ሙሉ፣ ያንን ስም ሳሳድድና ላዋርደው ስሮጥ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ማን እንደተዋረደ ትሰሙታላችሁ፤ አትቸኩሉ።

እሁድ ከሰዓት ማርታ መጣች። ማርታ አንድያ ልጄ ናት፤ ኦስሎ ተወልዳ ኦስሎ ያደገች፣ ግሩነርሎካ የሚባል ሰፈር ውስጥ የክብሪት ቀፎ የምታክል ቤት ተከራይታ የምትኖር። ከኋላዋ እጮኛዋ ኦሊቨር ተከትሏል። ኦሊቨር እንግሊዛዊ ነው፤ ኦከርን ውስጥ ያንን ሁሉ ፎቅ ከሚያቆሙት መሐንዲሶች አንዱ ነው። ሽማግሌ ልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ነገሩ ካለቀ ቆይቷል። በነገራችን ላይ የላከው ሽማግሌ አቦይ ተስፋይን ነው። አቦይ ተስፋይ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጡረተኛ ኤርትራዊ ናቸው። ልጁ ሌላ ሽማግሌ ስለማያውቅ የገዛ ጎረቤቴን መልሶ ላከብኝ፤ እኔም በየቀኑ ደረጃ ላይ ሰላም የምላቸውን ሰውዬ እንደ እንግዳ «ከየት መጣችሁ?» ብዬ ተቀበልኳቸው።

«ፓፓ» አለች ማርታ፣ «የስም ፎርሙን አርብ እንልካለን። ከሠርጉ በኋላ ማርታ ስሌይሜከር ነው የምባለው።»

የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልጄ ማርታ ሽብሩ ነበረች። ሽብሩ አባቴ ነው። ወግ ቢሆን ኖሮ በእኔ በአባቷ ስም ትጠራ ነበር፤ ግን ኖርዌይ ስንገባ ወረቀታችንን የሞላው ሰው የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አደረገውና እኔንም ሚስቴንም ሽብሩ ብሎ ጻፈን፤ ኋላ የተወለደችው ማርታም ይህንኑ ወረሰች። ባለቤቴ ውብነሽ የፖስታ ሣጥናችንን አንብባ «የአማቴ ሚስት አደረጉኝ እኮ» ብላ ስሟን እስክታስመልስ ድረስ እረፍት አልሰጠችኝም። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። አባቴ ባሕር ተሻግሮ የማያውቅ ሰው በስሙ ኖርዌይ ገባ።

«በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ አገባች ብላ ስሟን አትቀይርም» አልኩ።

ኦሊቨር ጉሮሮውን ጠራረገ። ኖርዌጅኛው ከእኔም ይብሳል፤ ግን ተረዳሁት። ስሙ ብርቅ ነው አለ። እንግሊዝ አገር ውስጥ ራሱ ባለ ስሙ ጥቂት ነው። አባቱ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። እሱ ካልቀጠለው ያልቃል።

«እንደ ዋልያ ነው» አለች ማርታ።

እኔስ ስንት ሽብሩ አለኝ? አንድ ማርታ ነው ያለችኝ። እሷ ከተወችው የአባቴ ስም በእኔ የፖስታ ሣጥን ላይ ብቻ ይቀራል፤ እኔም ስሞት ይፍቁታል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ያሉት አባቶች የኦስሎን ፖስታ ሣጥን አላዩም።

«ለምን ያንቺን አትይዢም?» አልኳት።

«ፓፓ፣ ሽብሩ ለእኔ ፎቶ እንኳን የሌለው ሰው ነው። ስለሱ የማውቀው ይሄንን ብቻ ነው።» ወደ ግድግዳው ጠቆመች።

እዚህ ላይ ኃጢአቴን ልንገራችሁ። ግድግዳችን ላይ በመስታወት የተሰቀለ ሥዕል አለ። ማርታ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት «የቤተሰባችሁን ዛፍ ሥሩ» ብለዋት የሣለችው ነው። ትልቅ ፋብሪካ አለ፤ ጭስ ማውጫ አለው፤ ከፊቱ ቀይ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ቆሟል። ሰውየው አባቴ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዳይሬክተር ነበር ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ።

አባቴ ዳይሬክተር አልነበረም። አባቴ ሽሮ ሜዳ፣ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ የሚሠራ ሸማኔ ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት ውስጥ «የቁጢት በጣሽ ልጅ» እያሉ ይሰድቡኝ ነበር፤ የሚሰድቡኝም አባቴ የሠራውን ጋቢ የለበሱ ሰዎች ልጆች ናቸው። ኦስሎ ስመጣ አንድ የድግስ ቀን «አባትህ ምን ነበሩ?» ብለው ጠየቁኝ። «በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ላይ ነበር» አልኩ። ይሄ ውሸት አይደለም። በሚቀጥለው ድግስ ፋብሪካ ገባ። ከዚያ በኋላ ሹመቱ በራሱ ጊዜ መጣ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል፤ እኔ ለፈረሱም ከረባት አሰርኩለት። እውነቱን የምታውቀው ውብነሽ ብቻ ናት። ባርነሃገ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሃያ ዓመት የሰው ሕፃን ስታባብል ስለኖረች ታግሣኛለች።

እናም ወሰንኩ። የአባቴን ስም ማዳን የምችለው የዚያኛውን ስም ጉድ አውጥቼ ነው። ጊዜ እስከ አርብ አለኝ።

ማክሰኞ ዕለት አቦይ ተስፋይን ጠራሁና ኦሊቨርን ሰባት ቤቱን እንዲያስቆጥሩልኝ ለመንኳቸው። «ወደይ፣ ልጄ፣ እንግሊዝና ሽሮ ሜዳ በየት በኩል ይዛመዳሉ ብለህ ነው?» አሉኝ። ወግ ወግ ነው አልኳቸው። ማርታ እያስተረጎመች ጀመርን። አቦይ ተስፋይ አምስቱን ጣታቸውን ዘረጉ።

«የኦሊቨር አባት?»

«ፒተር ስሌይሜከር።» አንድ ጣት ታጠፈ።

«የፒተር አባት?»

«ጆርጅ ስሌይሜከር።» ሁለተኛው ታጠፈ።

«የጆርጅስ?»

«አርተር ስሌይሜከር።»

አቦይ ተስፋይ ያጠፏቸውን ጣቶች መልሰው ዘረጉ። «ይሄ ልጅ ስሌይሜከር የሚባል አያት ላይ ደርሶ ቆሟል፤ ማለፍ አልቻለም» አሉ።

እኔም እንደሳቸው ነው ያሰብኩት። ሁለተኛው ስም የአባት ስም አይደል? ፒተር የስሌይሜከር ልጅ፣ ጆርጅ የስሌይሜከር ልጅ፣ አርተርም የስሌይሜከር ልጅ ከሆነ፣ ወይ ሁሉም ወንድማማቾች ናቸው፣ ወይ ስሌይሜከር የሚባለው ሰውዬ እንደ ማቱሳላ ዕድሜ ተሰጥቶታል። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። «የልጁ ዘር አይቆጠርም ማለት ነው» አልኩ።

ማርታ ሶፋው ላይ ተንፈራፍራ ሳቀች። «ስሙ የአንድ ሰው አይደለም እኮ። ከአባት ወደ ልጅ እንዳለ ነው የሚወርደው። የሙያ ስም ነው።»

«የምን ሙያ?»

ማርታና ኦሊቨር ተያዩ። «ሐሙስ አባቴ ይመጣል» አለ ኦሊቨር። «ይሄን ታሪክ መንገር ነፍሱ ነው። እኔ ከነገርኩህ ይቀየመኛል።» ቀጥሎ ስልኩን አውጥቶ እስከ ዘጠኝ ቤት ቆጠረልን፤ ዘጠነኛውም ስሌይሜከር ነው። ከዚያ በትሕትና ወደ እኔ ዞሮ የእኔን ሰባት ቤት ጠየቀኝ። ሽብሩ አልኩ፤ ወልዴ አልኩ፤ ሦስተኛውንም በግድ አስታወስኩት። አራተኛው ላይ አላበኝ። አምስተኛው ላይ የጂኦግራፊ አስተማሪዬን ስም ጠራሁ። አቦይ ተስፋይ ሊያጥፉት የነበረውን ጣት ቀስ ብለው ወደ ኪሳቸው ከተቱት።

ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። የሙያ ስም ከሆነ ምናልባት ቅድመ አያቱ ሰው ገራፊ ነበር፤ ወይም ሰው ሰቃይ። ማን ልጁን በሰው ሰቃይ ስም ያስጠራል? ረቡዕ እንደዚህ እያልኩ አምፖል ስቀይር ዋልኩ። ሴንትሩም፣ መሃል ከተማው ላይ፣ አንድ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ ቫክትሜስተር ነኝ፤ የተበላሸውን ሁሉ የማስተካክል እኔ ነኝ። ያን ቀን ሁለት ደህና አምፖሎች አውልቄ የተቃጠሉትን መልሼ ሰቅያለሁ። ከሥራ እንደወጣሁ በሩጫ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ።

አንዲት ቀጭን ወጣት ሠራተኛ ስለ እንግሊዝ ስሞች የሚያወራ ወፍራም መጽሐፍ አወጣችልኝና ጎኔ ተቀምጣ በኖርዌጅኛ ታስረዳኝ ጀመር። ድሮ፣ አለች፣ በአንድ መንደር አንድ ስም ይበቃ ነበር። ሰው ሲበዛና መዝጋቢው አምስት ጆን ሲያጋጥሙት ሙያቸውን ይጨምርበታል፤ ጆን አንጥረኛው፣ ጆን ወፍጮ ፈጪው። ልጅየው ሙያውን ቢተውም ስሙ ይቀራል። ዛሬ ወፍጮ ፈጪ እየተባለ ጥርስ የሚነቅል ሐኪም ሞልቷል። አንጥረኛ በየመንደሩ ስለሚያስፈልግ ስሙ በዛ፤ አንዳንዱ ሙያ ግን ለአንድ ከተማ አንድ ሰው ይበቃዋል፤ ስሙም ብርቅ ሆኖ ይቀራል።

«ያንተ ይሄው» ብላ ገጹን ገለጠች። ጽሑፉን ሳላነብ ሥዕሉን አየሁ።

ረጅም የእንጨት ማዕቀፍ ነው፤ መሐሉ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ስንጥሮች አሉት። ድሩ በጥርሶቹ መሐል ያልፋል፤ ሸማኔው ማጉን ከወረወረ በኋላ ይሄንን ወደ ራሱ ስቦ ይመታዋል፤ ጨርቁ የሚጠብቀው በእሱ ነው። «ስሌይ ይባላል» አለች። «ስሌይሜከር ማለት የዚህ ዕቃ ሠሪ ማለት ነው።»

እናንተዬ፣ እኔ ያንን ዕቃ አውቀዋለሁ። የአባቴ ዕቃ ጥርሱ ከመቃ የተሰነጠቀ ነበር። አንድ ጥርስ ሲሰበር ጨርቁ ላይ ጭረት ይወጣል፤ ጭረት ሲወጣ ደንበኛ ይጮኻል፤ ስለዚህ አባቴ ዕቃውን አሸክሞ ወደ ሰፈራችን ግርጌ፣ ጋሽ ቦጋለ የሚባሉ ሰውዬ ዘንድ ይልከኛል። በሰፈሩ ሁሉ ያንን የሚሠሩ እሳቸው ብቻ ነበሩ። መንገድ ላይ ሲያገኛቸው አባቴ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሳቸዋል። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። «እሳቸው ባይኖሩ እኔ ገመድ ጎታች ነኝ» አለኝ።

ለካ ሰፈራችንም ስሌይሜከር ነበረው። ተነሳሁ። ልጅቷ እንዴት እንደሚሠራ እንድታይ ብዬ በሁለት እጄ አየር ይዤ፣ ወደ ደረቴ ስቤ፣ ጠረጴዛውን መታሁት። ዷ። ደግሜ መታሁት። የሚያነበው ሰው ሁሉ ዞረ። «አባቴ ሸማኔ ነበር» አልኩ በኖርዌጅኛ፣ ድምፄን ሳልቀንስ። ይህንን ቃል ኦስሎ ውስጥ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ ለዚያውም ለማላውቃት ልጅ።

«ደስ ይላል» አለች በእርጋታ። «ገጹን ላትምልህ?»

ትራም ላይ ወረቀቱን ይዤ ስቀመጥ ነው ወጥመዱ የገባኝ። ሐሙስ ቀን «ይሄ የተናቀ ሙያ ነው» ብል ጋሽ ቦጋለ ላይ፣ አባቴም ላይ ተፋሁ። «የተከበረ ሙያ ነው» ብል ማርታን በገዛ እጄ አስረከብኳት። ዝም ብል ደግሞ ፎርሙ አርብ ይሄዳል።

ሐሙስ መጣ። የኦሊቨር አባት ፒተር ረጅም፣ ቀይ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ታቅፈዋል። ውብነሽ ገበታውን ሞልታዋለች፤ አቦይ ተስፋይም በሽማግሌነታቸው ተጠርተዋል። ፒተር ገና ሳይቀመጡ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አዩ።

«አባትዎ ናቸው?» አሉኝ። ማርታ ታስተረጉማለች። «ማርታ ነግራኛለች። የፋብሪካ ዳይሬክተር። ለእኛ ትልቅ ክብር ነው፤ የእኛ ሰዎች ተራ የእጅ ሠራተኞች ነበሩ።»

ውብነሽ አየችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆንን ከታች ያለው ጎረቤት ሳሎን ነበር የምወድቀው።

ፒተር ጥቅሉን ፈቱ። ስሌይ ነው። የቤተሰቡ የመጨረሻ ስሌይ ሠሪ የነበሩት አያታቸው የሠሩት ነው አሉ። ጠቁሯል፣ ሁለት ሦስት ጥርስ ጎድሎታል። ቤታቸው መግቢያ ላይ ከአባት አባት ጀምሮ ተሰቅሎ ሲኖር ደብዳቤ ይሰኩበታል፣ ቆብ ያንጠለጥሉበታል። «እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ከቤተሰባችን ከጠፋ ግን ቆይቷል» አሉና በጎኑ አቁመው እንደ መሰላል ያዙት።

እጄ ከእኔ በፊት ተነሳ።

«እንደሱ አይደለም» አልኩና ተቀበልኳቸው። እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። እኔ ግን «ክር» አልኩ። ውብነሽ የሹራብ ክሯን አመጣች፤ ነጭና ቀይ። በየጥርሱ መሐል ክር አሳለፍኩ። አንዱን ጫፍ ማሞቂያው ቧንቧ ላይ አሰርኩት። ሌላኛውን የማስርበት ምሰሶ ስላጣሁ አቦይ ተስፋይ ወገብ ላይ አሰርኩት። «እባክዎ አይንቀሳቀሱ» አልኳቸው። ጉድጓድ ስለሌለ ወለሉ ላይ ተቀምጬ እግሬን ሶፋው ሥር ከተትኩ። የአባቴ እግር የሚሠራውን የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል፤ ማርታ አንዱን ረድፍ ክር እንድታነሳ፣ ኦሊቨር ሌላውን እንዲያነሳ አዘዝኩ። ፒተር የክሩን ድቡልቡል ከወዲህ ወዲያ እንዲወረውሩ ተሾሙ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛ ያሰርነው አንድ ጡረተኛ ነው። በመጀመሪያው ውርወራ ቀዩ ድቡልቡል ሶፋው ሥር ገባ። በሁለተኛው ወጡ ውስጥ ገባ። በሦስተኛው አቦይ ተስፋይ ሻይ አማራቸውና ብድግ አሉ፤ ድሩም፣ ወንበሩም፣ እኔም ተከተልናቸው። እንደገና ጀመርን። ልቤ እንደ ልጅ ይዘላል። ሳብ፣ ምታ፣ ቀይር። ሳብ፣ ምታ፣ ቀይር። የእንግሊዙ አስተማሪ ጃኬታቸውን አውልቀው ተንበርክከዋል፤ ግንባራቸው ላይ በርበሬ አለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አራት ጣት የምትሆን ነገር ወጣች። ጨርቅ ለማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ ግን ስትጎትቷት አትፈታም።

ፒተር በጣታቸው ዳሰሷት። «ለካ ዕቃው ለዚህ ነው» አሉ።

«አባዬ» አለች ማርታ። ፓፓ አላለችም። የያዘችውን ክር አልለቀቀችም። «የዳይሬክተር ልጅ ይሄን ከየት ተማረው?»

ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ ሁሉንም ነገርኳት። ሽሮ ሜዳን፣ ጉድጓዱን፣ ስድቡን፣ ድግሱ ላይ የተሾመውን ከረባት። ጋሽ ቦጋለን ስነግራት እሷ ለኦሊቨር አባት አስተረጎመችላቸው። አፈርኩ አልኳት፤ ማፈሬም ያሳፍረኛል አልኳት። ከዚያ ዓይኗን ማየት አቃተኝና ወደ ዕቃው ዞሬ ለአምስት ቀን የታገልኩለትን ነገር ለቀቅሁት።

«በቃ፣ ስሌይሜከር ሁኚ» አልኩ። «መርምሬዋለሁ፤ ጥሩ ስም ነው። አያትሽ እጅ የሚነሱት ስም ነው።»

«ናይ» አለች። እምቢ ማለቷ ነው። «አባዬ፣ እኔ ልተወው የነበረው የዚያን ሰውዬ ስም ነው» ብላ ወደ ሥዕሉ ጠቆመች። «እሱን ብተወው ምንም አላጣም ነበር፤ አላውቀውም። ይሄኛውን ሽብሩን ግን ዛሬ ነው ያገኘሁት። ዛሬ አግኝቼ ነገ አልጥለውም።»

እኔ ውሸቴን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ስምን አከብራለሁ ስል፣ ስሙን ሊያስጥላት የነበረው ያው ውሸት ኖሯል። ኦሊቨር ራሱን በእሺታ ነቀነቀ፤ በሩ ላይ ሁለት ስም ይጻፋል አለ። እኔ እንባዬን በሹራብ ክር ጠረግሁ፤ የትኛው ክር ወጥ እንደነካው ያወቅሁት ዓይኔ ሲቃጠል ነው።

«ልጅ ሲወለድስ?» አሉ አቦይ ተስፋይ። «በእኛ ወግ የአባቱን ስም ይያዝ። እገሌ ኦሊቨር ይባልና ይገላገል።»

ማርታ አስተረጎመች። ፒተር ሁለቱም ስሞች በአንድ ጊዜ ሲያልቁ ታያቸውና ቀይ ፊታቸው ነጣ። እኔም ክርክሬን ልቀጥል አፌን ከፈትኩ።

«መጀመሪያ ሰውየውን ፍቷቸው» አለች ውብነሽ።

አርብ ፎርሙ ሳይላክ ቀረ። ፒተር ዕቃውን ይዘው ሄደዋል፤ ከእንግዲህ ቆብ አይንጠለጠልበትም፤ በትክክል እንዲሰቅሉት ከየትኛው ጎን እንደሆነ በወረቀት ሥዬ ሰጥቻቸዋለሁ። ቅዳሜ ማርታ ቀለሞች ይዛ መጣችና ሥዕሉን ከመስታወቱ አወጣችው። እንደ ስምንት ዓመቷ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ሥራ ጀመረች። ፋብሪካውን ለክፉም ለደጉም ከኋላ ተወችው። ከፊቱ ጉድጓድ ቆፈረች፤ አያቷን እስከ ጉልበቱ ከተተችው፤ እጁ ላይ ያንን ማበጠሪያ መሳይ ዕቃ አስያዘችው።

«ከረባቱንስ ላጥፋው?» አለችኝ።

የሰው ሁሉ የሠርግ ልብስ ሲሠራ የኖረው፣ ለራሱ ግን አንድም ቀን አምሮበት ያላየሁት አባቴ ትዝ አለኝ።

«ተይለት» አልኳት። «ይገባዋል።»